ያረጁ ላፕቶፕ ኮምፒውተሮችን ስለ መሰብሰብና ስለ መጠበቅ፦ ለየካ ክፍለ ከተማና ለእንጦጦ አካባቢ ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

ላፕቶፕ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን፣ ባትሪውንና የመረጃ ማከማቻውን በአንድ አካል አዋህዶ የያዘ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ነው። አገልግሎት መስጠት ያቆመ ላፕቶፕ በብዙ ቤቶች ከቁም ሣጥን አናት ወይም ከአልጋ ሥር ዓመታት ያሳልፋል። ቤት ሲጸዳ ወይም ሲቀየር ግን ለቆራሌው ይሸጣል፣ አለያም በልዋጭ ሄዶ በፕላስቲክ ዕቃ ይተካል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ፣ ከሾላ ገበያ እስከ ላም በረት ባሉ ሰፈሮች ይህ ዘወትር የሚታይ ነው። በዚህ ልውውጥ የሚጠፋው የብረትና የፕላስቲክ ዋጋ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በአማርኛ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የማኅበርና የዕድር መዝገቦች፣ ያልታተሙ ድርሰቶችና የቤተሰብ ታሪኮች እስከ ዛሬ የሚገኙት በእነዚሁ መሣሪያዎች ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው የቀድሞ ላፕቶፖችን ለሚሰበስቡና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው ምን እንደሚያደርጉበት ለሚያመነቱ ባለቤቶች ነው። የውጭ ሀገር ምርቶችን በሚመለከት የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የሀገር ውስጥ ሕጎች ቁጥር በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተሰጠ ነው።

የትኛው ላፕቶፕ ሊቀመጥ ይገባዋል?

በ1981 ለገበያ የቀረበው ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ኦዝቦርን 1 ወደ 11 ኪሎ ግራም የሚመዝንና እንደ ሻንጣ የሚጎተት ነበር። ዛሬ የሚታወቀውን የሚታጠፍ ቅርጽ በ1982 ያስተዋወቀው ግሪድ ኮምፓስ ነው፤ አካሉ ከማግኒዥየም የተሠራ በመሆኑ ጠንካራ ነበር፤ በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮችም አገልግሏል። ከዚያ በኋላ የቶሺባ ቲ1100 በ1985፣ የኮምፓክ ኤልቲኢ በ1989፣ የአፕል ፓወርቡክ በ1991፣ የአይቢኤም ቲንክፓድ 700ሲ በ1992 ወጥተዋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሰበስቡ ሰዎች በብዛት የሚፈልጓቸው እነዚህንና የመሰሏቸውን ነው።

ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ለሚደረግ ስብስብ የዓለም ገበያ ዋጋ ብቸኛ መለኪያ ሊሆን አይገባውም። በውጭ ሀገር በብዙ ሺህ የሚገኝ ተራ ሞዴል፣ በሀገር ውስጥ የተጻፈበትን ሥራና የተጫነበትን የአማርኛ ፕሮግራም ይዞ ከተገኘ፣ ባዶውን ከሚገኝ ብርቅ ሞዴል የበለጠ ዋጋ አለው። መሣሪያው ማን ዘንድ እንደነበረ፣ በምን መንገድ ወደ ሀገር እንደገባና ምን እንደተሠራበት የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይከብራል።

በሀገራችን ራሱን የቻለ ታሪክ ያለው አንድ ሞዴል ኤክስኦ የተባለው ትንሽ ነጭና አረንጓዴ ላፕቶፕ ነው። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረቱት «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተሰኘው ፕሮጀክት ያሠራው ሲሆን፣ በ2008 ገደማ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ይደገፍ በነበረው የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም አማካይነት ወደ 5,000 የሚጠጉ በአዲስ አበባና በገጠር ባሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ለሕፃናት ተሰጥተዋል። ማዕከላዊ አንጎለ ኮምፒውተሩ 433 ሜጋኸርዝ፣ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው 256 ሜጋባይት፣ ማከማቻው 1 ጊጋባይት ብቻ ነው። በዛሬ መለኪያ ከተራ የእጅ ስልክ ያንሳል። ቢሆንም ስክሪኑ በጠራራ ፀሐይ ይነበባል፤ የሚሽከረከር ዲስክም ሆነ ማራገቢያ የለውም። በውስጡ የልጆች ሥዕልና ጽሑፍ ሊቀር ስለሚችል፣ ባለቤቶች ኤክስኦን እንደ ተሰበረ መጫወቻ ቆጥረው ከመጣል እንዲቆጠቡ ይመከራል። በቀላሉ የሚቀደደው ከጎማ የተሠራው ኪቦርዱ ነው፤ ቢቀደድም ለስብስብ ያለው ዋጋ አይጠፋም።

የአማርኛ ጽሑፍ ለምን ከመሣሪያው ጋር ይጠፋል?

ይህ ክፍል ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻ ነው። በብዙ ባለቤቶች ዘንድ ያለው ግምት «ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጫለሁ፣ ስለዚህ ላፕቶፑ ቢጣል ምንም አይደለም» የሚል ነው። ከዩኒኮድ በፊት ለተጻፈ አማርኛ ይህ ግምት የተሳሳተ ነው።

የቀድሞ ኮምፒውተሮች እያንዳንዱን ፊደል የሚያስቀምጡት ከ256 ቦታዎች በአንዱ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 32 ለመሣሪያው ትእዛዞች፣ ቀጥለው ያሉት 95 ያህል ደግሞ ለላቲን ፊደላት፣ ለቁጥሮችና ለምልክቶች የተያዙ ናቸው። የአማርኛ ፊደል በበኩሉ 33 ዝርያዎች በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ፊደላት፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም ይልቃል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ፎንት ማስገባት አልተቻለም። የፕሮግራም ሠሪዎች መፍትሔ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት፤ ሌሎቹ የፊደሉን ግንድና የአናባቢውን ቅጥያ ለየብቻ አስቀምጠው በስክሪን ላይ አገጣጠሙት። የኋለኛው ዘዴ አዲስ አልነበረም፤ ኢንጂነር አያና ብሩ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሲያዘጋጁ የገጠማቸው የቁልፍ እጥረትና ያገኙለት መውጫ ከዚሁ ጋር ይቀራረባል።

በውጭ ሀገር ይኖሩ የነበሩት ኢንጂነር ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሠሯቸው ፕሮግራሞች ጀምሮ፣ በሀገር ቤት በስፋት እስከታወቁት እስከ ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ ድረስ፣ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በራሱ ቅደም ተከተል አስቀመጠ። አንዱ ፕሮግራም «ሀ» ያስቀመጠበት ቦታ በሌላው «ሸ» ወይም የፊደል ቅጥያ ሊሆን ይችላል። ውጤቱም በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ ያለ ራሱ ፎንት ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ መታየቱ ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ሲሆን፣ በወቅቱ 345 ምልክቶች ቦታ አግኝተዋል። ይህ ማለት ግን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሁሉም ሰው በዩኒኮድ ጻፈ ማለት አይደለም። የዊንዶውስ ኮምፒውተር ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከራሱ ጋር ይዞ የመጣው በ2007 በወጣው ቪስታ ነው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ጸሐፊዎችና ማተሚያ ቤቶች ለረጅም ጊዜ በለመዱት ፎንት ቀጥለዋል። ስለሆነም ከ2000 ዓ.ም. በፊት በአማርኛ የተሠራበት ማንኛውም ላፕቶፕ በውስጡ የያዘው ጽሑፍ በአሮጌው ዘዴ የተጻፈ ነው ብሎ መነሳት ጥንቃቄ ነው።

ባለቤቱ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ባገኘ ጊዜ ሦስት ነገሮች አብረው መቀመጥ አለባቸው፦ ጽሑፉ፣ የተጻፈበት ፎንትና የተጻፈበት ፕሮግራም። ፎንቱ ብዙውን ጊዜ በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ «ፎንትስ» በሚባለው ንዑስ ማኅደር ይገኛል፤ ስሙም የፋይሉ የመጨረሻ ቅጥያ ቲቲኤፍ በመሆኑ ይለያል። የፋይል ስሞቹ አጭርና ግራ የሚያጋቡ ስለሚሆኑ እየመረጡ ከመገልበጥ ይልቅ ንዑስ ማኅደሩን በሙሉ መገልበጥ ይሻላል። ፕሮግራሙ የተሸጠበት ዲስኬት ወይም ሲዲ፣ ከነሽፋኑና ከነመለያ ቁጥሩ ከተገኘ፣ ከላፕቶፑ ጋር በአንድነት ይቀመጥ። ላፕቶፑ አሁንም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን በራሱ ፕሮግራም ከፍቶ በወረቀት ማተም፣ የሚቻል ከሆነም ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ፣ ከሁሉ የተሻለ ዋስትና ነው። አሮጌውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነገር ግን ከለወጡ በኋላ ዲቃሎቹን ፊደላትና የግዕዝ ቁጥሮችን አንድ በአንድ ከታተመው ጋር ማመሳከር የግድ ይላል። ስሕተት የሚበዛው በእነዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፋይል ከተለወጠ በኋላም መጣል የለበትም።

የፋይሉን ቀን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የላፕቶፑ የሰዓት ባትሪ ካለቀ የብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ሰዓት ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ይመለሳል፤ በዚያ ሁኔታ የተጻፈ ፋይል ሁሉ ይህንኑ ቀን ይይዛል። ስለዚህ በ1980 ተጻፈ የሚል ፋይል ሲገኝ የሚነግረው ስለ ባትሪው ነው እንጂ ስለ ጽሑፉ ዕድሜ አይደለም።

ላፕቶፑ ከመብራቱ በፊት

ለዓመታት ያልተነሳ ላፕቶፕ ሲገኝ የመጀመሪያው ፍላጎት ቻርጀሩን ሰክቶ ማብራት ነው። ብዙ መሣሪያ የሚበላሸውም በዚህች ደቂቃ ነው።

በቅድሚያ ባትሪው ይውጣ። ያበጠ ባትሪ አይበሳም፣ አይጨመቅም፣ ወደ እሳት አይጣልም፤ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ በአሸዋ በተሞላ የብረት ዕቃ ላይ ለብቻው ይቀመጣል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ላፕቶፖች ከዋናው ባትሪ ሌላ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ትንሽ የኒኬል ባትሪ ሊኖራቸው ይችላል። ይህ ባትሪ ሲያረጅ ፈሳሽ ያወጣል፤ ፈሳሹም የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት መሰል ነገር በሰሌዳው ላይ ከታየ ባትሪው መነቀል አለበት። ፈሳሹ አልካላይን በመሆኑ በጥቂት ኮምጣጤ በተነከረ ጥጥ ከተጠረገ በኋላ በአልኮል ይጸዳል። አልኮሉ ንጹሕ ሊሆን ይገባዋል፤ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ከተገኘ በደንብ እስኪደርቅ ድረስ በቂ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ለእጅ ማጽጃ የተዘጋጀ ሳኒታይዘር ግሊሰሪን ስላለበት ሰሌዳው ላይ ንጣፍ ያስቀራል፤ አረቄም ቢሆን ምትክ አይሆንም።

ቀጥሎ ቻርጀሩ ይመርመር። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጡ አንዳንድ አሮጌ ቻርጀሮች ለ110 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። በቻርጀሩ ጀርባ «100–240» የሚል ጽሑፍ ካለ ሥጋት የለም። የሌላ ላፕቶፕ ቻርጀር መጠቀም የግድ ከሆነ ቮልቱ እኩል፣ አምፒሩ ቢያንስ እኩል፣ የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቀማመጡም አንድ ዓይነት መሆኑ ይረጋገጥ። መሰኪያው መግባቱ ብቻ ማረጋገጫ አይደለም። መብራት በሚዋዥቅበት ሰዓት ሙከራው ለሌላ ቀን ቢተላለፍ ይሻላል፤ ስታቢላይዘርም መጠቀም ይመከራል።

ሦስተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው። ይዘቱ ከመሣሪያው በላይ የሚፈለግ ከሆነ ላፕቶፑን ጨርሶ ሳያበሩ ዲስኩን ማውጣትና ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር በአስማሚ ገመድ አገናኝቶ ሙሉ ቅጂውን መውሰድ የተሻለ ነው። ሙሉ ቅጂ ማለት ፋይሎቹን መርጦ መገልበጥ ሳይሆን የዲስኩን እያንዳንዱን ክፍል እንዳለ ማንሳት ነው፤ ፎንቶቹና ፕሮግራሙ ሳይለዩ አብረው የሚድኑት በዚህ መንገድ ነው። የቦታ ጉዳይ አያሳስብም፤ 540 ሜጋባይት የነበረ አንድ የ1990ዎቹ ሃርድ ዲስክ በ4 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ሰባት ጊዜ ይሰፍራል። ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያውኑ ይጥፋ፤ እየደጋገሙ መሞከር የቀረውን ያጠፋዋል።

የእንጦጦ ከፍታና የአየር ንብረት

የካ ክፍለ ከተማ ከፍታው ከቦታ ቦታ በእጅጉ የሚለያይ ነው። መገናኛና ሾላ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በታች ሲሆን፣ የኅዋ ምልከታ ጣቢያው የሚገኝበት የእንጦጦ ከፍተኛ ሥፍራ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ይህ ልዩነት ለላፕቶፕ ትርጉም አለው።

በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃውን የሚያነበው ጫፍ ከዲስኩ ገጽ ጋር አይነካካም፤ በሽክርክሪቱ በሚፈጠር እጅግ ስስ የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይቀንሳል፤ ጫፉም ወደ ገጹ ይቀርባል። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ ሠሪዎች ዲስኩ እየሠራ ሊቆይበት የሚችለውን ከፍታ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ወስነውታል። በ3,200 ሜትር የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። በእንጦጦ አናት አካባቢ ባሉ አድባራት፣ መኖሪያ ቤቶችና ተቋማት የሚገኝ አሮጌ ላፕቶፕ ዛሬ ቢበራ ያለችግር ሊሠራ ይችላል፤ ያረጀ ዲስክ ግን ሠሪው ካስቀመጠው ወሰን በላይ የሚፈተንበት ምክንያት የለም። ቅጂ የማንሳቱን ሥራ ወደ ከተማው ወርዶ መሥራት ተገቢ ነው። በከፍታ ላይ ጠፍቶ መቀመጡ ግን ዲስኩን አይጎዳውም፤ ጥንቃቄው ማብራትን የሚመለከት ነው። የሚሽከረከር አካል የሌላቸው መሣሪያዎች፣ ከላይ የተጠቀሰውን ኤክስኦ ጨምሮ፣ ይህ ሥጋት የለባቸውም። ማራገቢያ ያላቸው ላፕቶፖች ደግሞ ሳሳ ባለ አየር ሙቀታቸውን በዝግታ ስለሚያስወግዱ በአልጋ ወይም በብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጠቀም በዚህ አካባቢ ከሌላው ይበልጥ ይጎዳቸዋል።

ከከፍታው ቀጥሎ ቅዝቃዜውና እርጥበቱ አለ። የእንጦጦ ሌሊት ብርዳም ነው። ቀዝቃዛ ላፕቶፕ ምድጃ ወደሚነድበት ክፍል ወይም ወደ ሞቃት መኪና ሲገባ በውስጡ ጤዛ ይቋጥራል፤ ስለዚህ በፌስታል ተጠቅልሎ ተዘግቶ ከገባ በኋላ ቢያንስ እስከ ማግሥቱ ሳይበራ መቆየት አለበት። በክረምት ወራት ዲስኬቶች ሻጋታ ያወጣሉ። በዲስኬቱ መስኮት በኩል ነጭ ነጠብጣብ ከታየ ወደ ማንበቢያው ማስገባት አይገባም፤ የማንበቢያውን ጫፍ አበላሽቶ ቀጥሎ የሚገባውንም ዲስኬት ይፍቃል። የማገዶ፣ የዕጣንና የቡና ቁላት ጢስ ቅባታማ ጥላሸት ስለሚያስቀር ላፕቶፕ በማእድ ቤት አቅራቢያ ባይቀመጥ ይመረጣል። የበጋ አቧራም ማራገቢያን ይደፍናል፤ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ በቂ ነው።

ስለ አቀማመጥ

ላፕቶፑ ተዘግቶ፣ ባትሪው ወጥቶ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ደረቅ ክፍል ይቀመጥ። በጫማና በቦርሳ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት እርጥበት የሚመጡ ትናንሽ ከረጢቶች ተሰብስበው አብረው ቢገቡ ይጠቅማሉ። በአናቱ ላይ ሌላ ላፕቶፕ መደራረብ ስክሪኑን ይጫነዋል። ከስክሪኑ የኮምጣጤ ሽታ ከመጣ ከመስተዋቱ ላይ ያለው ሽፋን መበስበስ ጀምሯል ማለት ነውና ከሌሎቹ ተለይቶ አየር በሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ። ማጠፊያው የደረቀ ላፕቶፕ በግድ ሲከፈት ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ በሁለት እጅ፣ ከሁለቱ ጎኖች እኩል እየተያዘ ቀስ ብሎ ይከፈት።

መለያ ወረቀት ከመሣሪያው ጋር ቢኖር መልካም ነው። የሞዴሉ ስም፣ የመጣበት ዓመትና መንገድ፣ የባለቤቱ ስም፣ የተጫነው የአማርኛ ፕሮግራም፣ የይለፍ ቃል ካለ እርሱም፣ ቅጂው የተነሳበት ቀንና ቅጂው ያለበት ቦታ ይጻፍበታል። ቀኑ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ። ማጣበቂያ ወረቀት በላፕቶፑ አካል ላይ ባይለጠፍ ይሻላል፤ ሙጫው ዓመታት ሲያልፉ ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

የአገዛዝና የባለቤትነት ጉዳይ

የሚሰበስቡ ሰዎች አሮጌ ላፕቶፖችን የሚያገኙት በአብዛኛው በመገናኛ አካባቢ ካሉ የጥገና ሱቆች፣ ከቆራሌዎች፣ በመርካቶ ከሚገኘው ምናለሽ ተራ፣ እንዲሁም መሥሪያ ቤቶች ከሚያወጧቸው ጨረታዎች ነው። ምናለሽ ተራ ለመለዋወጫ ይበልጥ ይመቻል፤ ማጠፊያ፣ የቁልፍ ክዳንና ቻርጀር የሚገኝበት ዕድል ሰፊ ነው። ከቆራሌ የሚገዛ ሰው ላፕቶፑ ሳይፈታ በፊት ቢደርስበት ጥሩ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው ሃርድ ዲስኩ ነውና።

በማንኛውም ግዥ የሻጩ ማንነትና የመሣሪያው መለያ ቁጥር የሰፈረበት አጭር የሽያጭ ውል ወይም ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ቁጥር የተለጠፈበት ላፕቶፕ ያለ ማስወገጃ ሰነድ መገዛት የለበትም። ሠራተኞችም «አሮጌ ነው» በሚል ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት ሊወስዱት አይችሉም፤ በንብረት አወጋገድ ሥርዓት ማለፍ አለበት። በመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ውስጥ የሚገኝ ሰነድ ሪከርድ ነው፤ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን በሚመለከት የወጣው አዋጅ ቁጥር 179/1991 የሚመለከተው በመሆኑ መሣሪያው ከመወገዱ በፊት ሰነዱ ተለይቶ መውጣት ይኖርበታል።

በተገዛ ላፕቶፕ ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎችና የባንክ ወይም የሕክምና መረጃዎች ሊገኙ ይችላሉ። መሣሪያውን መግዛት መረጃውን የማሰራጨት መብት አያስገኝም። የግል ዳታ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መኖሩን ገዥዎች ሊያስታውሱ ይገባል። ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ የሚታወቅ ከሆነ መረጃውን መመለስ ተገቢ ነው። በዚህ ዓይነት ለቤተሰብ የሚመለስ የሟች አባት ወይም እናት ጽሑፍ ከላፕቶፑ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በሌላ በኩል ላፕቶፑን የሚሸጥ ሰው ፋይሎቹን ወደ ቆሻሻ ቅርጫት በማስገባት ብቻ እንደማይጠፉ ማወቅ አለበት። ቅጂው ከተነሳ በኋላ ዲስኩን አውጥቶ ማስቀረት ቀላሉ መንገድ ነው።

ሊቀመጥ የማይችለው መሣሪያ

ሁሉም ላፕቶፕ ሊጠበቅ አይችልም፣ ሊጠበቅም አይገባውም። ከ2010 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ የላፕቶፕ ስክሪኖች ከኋላቸው ሜርኩሪ ያለበት ቀጭን አምፖል አላቸው፤ የቀድሞዎቹ ባትሪዎች ካድሚየም፣ የሰሌዳው ብየዳ ደግሞ እርሳስ ይይዛሉ። መዳቡን ለማውጣት ገመድና ሰሌዳ በሜዳ ማቃጠል የሚያቃጥለውንም ሰው፣ የጎረቤቱንም ሕፃናት ይመርዛል። ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 እንዲህ ያለው ቆሻሻ ከሌላው ተለይቶ እንዲያዝ የሚፈልግ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ2000 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የባዝል ስምምነትም አደገኛ ቆሻሻ ድንበር አቋርጦ የሚዘዋወርበትን ሁኔታ ይገዛል።

በመሆኑም ነዋሪው የማይጠገን ላፕቶፕ ሲኖረው ከቤት ቆሻሻ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት የወረዳውን የጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ስለ አወጋገዱ ይጠይቅ። ባትሪው ለብቻው፣ የመገናኛ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ይሰጥ። የተሰነጠቀ ስክሪን በወፍራም ፌስታል ተጠቅልሎ ይታሰር። ሃርድ ዲስኩ፣ የአማርኛ ፕሮግራሞቹ ዲስኬቶችና የኪቦርዱ ጤነኛ ቁልፎች ግን ከመሰጠቱ በፊት ይውጡ፤ ተመሳሳይ ሞዴል ለያዘ ሌላ ሰው የአንድ ቁልፍ ክዳን እንኳ ለወራት የሚፈለግ ዕቃ ነው።